አክሊላቸውን የመለሱት ንጉሥ፣ ዐፄ ካሌብ



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ፣ ካረፉ ብዙ ዘመን የሆናቸውን፣ ስማቸው ግን በሁላችንም ዘንድ የታወቀውን የአንድ ንጉሥ ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደናል። ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ለምን እንደ መረጥነው መናገር ይገባናል።

ባለፈው ዓመት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት አባሎቻችንን ቀበርን። የመጀመሪያው ከፍ ባለ ሹመት ላይ የኖሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ በቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ሦስት ገጽ ሙሉ ነበር። የሠሩበት መሥሪያ ቤት፣ የተሾሙበት ዓመተ ምሕረት፣ የተሸለሙት ኒሻን አንድ በአንድ ተቈጠረ። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በጥበቃ ሥራ ያሳለፉ አባታችን ነበሩ። የእርሳቸው ታሪክ ስድስት መስመር ብቻ ሆነና ገና ጆሯችንን ሳናቀና አለቀ። ማታ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቈረጠምን ሳለ፣ አንዲት እናታችን በወዲያኛው ዓለም የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ስንት ገጽ ይሆን ብለው ጠየቁን። መጀመሪያ ሳቅን፤ ቈየት ብለን ግን ሁላችንም ዝም አልን። ይህችው ጥያቄ ናት እንግዲህ ወደ ዐፄ ካሌብ የወሰደችን።

ዐፄ ካሌብ በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአክሱም የነገሡ፣ የንጉሥ ታዜና ልጅ ናቸው። የዙፋን ስማቸው እለ አጽብሐ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

አክሱም በዚያ ዘመን እንደ ዋዛ የምትታይ መንግሥት አልነበረችም። በቀይ ባሕር ዳር፣ ዛሬ በኤርትራ ውስጥ ዙላ ከሚባለው ሥፍራ አጠገብ፣ አዱሊስ የተባለ ወደብ ነበራት። ከዚያ የዝሆን ጥርስ በመርከብ እየተጫነ ይወጣል፤ ከሮማውያን ግዛት፣ ከዐረብና ከህንድም ሸቀጥ ይገባል። ነገሥታቱም በስማቸው የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ያስመቱ ነበር። የዐፄ ካሌብ የወርቅ ገንዘብ ዛሬም በየሙዚየሙ ይታያል። ዘውድ የደፋ መልካቸው ተቀርጾበታል፤ ዙሪያውን በግሪክ ፊደል ስማቸውና የአባታቸው ስም ተጽፎበታል፤ መስቀልም አለበት። ታዲያ ያ ሁሉ ግርማ የተቀረጸበት ወርቅ ሲመዘን ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም።

የማዕረጋቸውን ነገር ካነሣን፣ አክሱም ላይ የተገኘ የድንጋይ ጽሕፈት አላቸው። ቋንቋው ግዕዝ ሲሆን ፊደሉ የደቡብ ዐረብ ነው። ጽሕፈቱ በመጀመሪያ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ከዚያም የንጉሡን ማዕረግ ይዘረዝራል። የአክሱም ንጉሥ፣ የሒምያር ንጉሥ፣ የሳባ ንጉሥ፣ የቤጃ፣ የኖባ፣ የካሱ ንጉሥ እያለ ይቀጥላል። እንግዲህ የሕይወት ታሪክ በማዕረግ ብዛት የሚረዝም ከሆነ፣ የእርሳቸው በሦስት ገጽ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም።

ከዘመናቸው አንድ ነገር በጣም ያስገርመናል። ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ በዚያ ጊዜ በአዱሊስ ነበረ። ንጉሡ ባሕር ተሻግረው ለመዝመት ሲዘጋጁ ለአዱሊሱ ገዢ ትእዛዝ ላኩ። ይኸውም በከተማው መግቢያ የቆመው የእብነ በረድ ዙፋንና ከኋላው ያለው ድንጋይ ላይ የተጻፈው የግሪክ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክላቸው ነው። ሥራው ለኮስማስና ሜናስ ለተባለው ባልንጀራው ተሰጠና ሁለቱ ጽሑፉን ገለበጡት። ድንጋዩ ላይ የነበረው የግብፁ ንጉሥ የበጥሊሞስ የድል ታሪክ ነው። ዙፋኑ ላይ የነበረው ግን የአንድ ጥንታዊ የአክሱም ንጉሥ ታሪክ ነበር። ያ ንጉሥ ያስገበራቸውን አገሮችና ሕዝቦች በስም በስማቸው አስቈጥሯል። ነገር ግን የጽሑፉ መጀመሪያ ስለ ጠፋ፣ የባለ ታሪኩን ስም እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የተሸነፉት አገሮች ስም ተርፎ የአሸናፊው ስም ጠፋ ማለት ነው። ካሌብ ያን ጽሑፍ ሲያነቡ ምን እንዳሰቡ የነገረን ባይኖርም፣ እኛ ግን ስናስበው ለሹመኛ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ሆኖ ይታየናል።

አሁን ወደ ዘመቻው እንምጣ። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ዛሬ የመን በምንለው አገር፣ የሒምያር መንግሥት ነበረ። በ520ዎቹ መጀመሪያ ዩሱፍ የተባለ ንጉሥ ሥልጣኑን ያዘ። ዐረቦች ዙ ኑዋስ ይሉታል፤ በእኛ መጻሕፍት ደግሞ ፊንሐስ ይባላል። ይህ ሰው የአይሁድን እምነት የተቀበለ ሲሆን፣ ዘፋር በተባለችው ከተማ የነበሩትን የአክሱም ወታደሮች ፈጀ፤ ቤተ ክርስቲያንም አቃጠለ። በ523 ደግሞ ናግራን በተባለችው ከተማ የነበሩትን ክርስቲያኖች፣ ሽማግሌያቸውን ሂሩትን ጨምሮ፣ ሃይማኖታችሁን ካዱ ብሎ እንቢ ሲሉት አስገደላቸው። የገዛ ወታደሮቹ በድንጋይ ላይ ያስጻፉት ጽሑፍ ሳይቀር የገደሏቸውን በሺሕ እየቈጠረ ይናገራል። ይህ የአንድ ገዢ ክፋት እንጂ የአንድ ሃይማኖት ሕዝብ ሁሉ ጥፋት አለመሆኑን መቼም አንባቢ ይረዳልናል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የናግራንን ሰማዕታት ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች። እስላም አባሎቻችንም ታሪኩ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ በቁርኣን በሱረቱል ቡሩጅ የተነገረውን የእሳት ጉድጓድ ታሪክ ብዙዎቹ ተርጓሚዎች ከናግራን ጋር ያያይዙታልና።

ወሬው አክሱም ደረሰ። የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢኖስም ዘመቻውን ደገፈ። ነገሩን ሳናሳምር እንናገር ካልን፣ የባሕሩ ንግድ ጉዳይም በዚህ ውስጥ ነበረበት። ንጉሥ ንጉሥ ነውና ወደቡንም ያስባል። ሆኖም ከመዝመታቸው በፊት ያደረጉት የሚታለፍ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት እንደሚተረከው፣ የንግሥ ልብሳቸውን አውልቀው እንደ ተራ ሰው ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ገቡና ጸለዩ። ከዚያም ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ ወደ ሆኑት ወደ አባ ጰንጠሌዎን ሄዱ። አባ ጰንጠሌዎን ከአክሱም ወጣ ብሎ ባለው ኰረብታ ላይ በጠባብ ጾማዕት ውስጥ 45 ዓመት ቆመው እንደ ጸለዩ የሚነገርላቸው አባት ናቸው። የብዙ አገር ንጉሥ የሚባሉት ሰው፣ ምንም ከሌላቸው መነኩሴ ደጃፍ ቆመው ጸሎት ለመኑ ማለት ነው። ይህችን ደጃፍ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ525 መርከቦቹ ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ዙ ኑዋስ ተሸንፎ ሞተ። ዐፄ ካሌብም ሱምያፋ የተባለውን የአገሩን ተወላጅ ክርስቲያን በሒምያር ላይ አነገሡ፤ ቤተ ክርስቲያንም አሠሩ። ነገር ግን ጦርነት ምንጊዜም ጦርነት ነው። ከዘመኑ የሱርስት ጽሑፎች አንዱ እንደሚለው፣ የአገሩ ሰዎች ከዘማቹ ወታደር ሰይፍ ለመዳን እጃቸው ላይ የመስቀል ምልክት እስከ መነቀስ ደርሰዋል። ለእምነት ተብሎ በተጀመረው ዘመቻ ንጹሕ ደምም እንደ ፈሰሰ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይህን የምናነሣው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም። ድል ያደረገ ሰው እንኳ በድሉ ብቻ በፈጣሪ ፊት ሊቆም እንደማይችል ስለሚያሳየን ነው።

ከድሉ በኋላ የካሌብ ስም ከፍ አለ። በ531 ገደማ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ላከባቸው። የህንድን ሐር ፋርሶች እየያዙበት ስለ ተቸገረ፣ አክሱሞች ሐሩን ገዝተው እንዲሸጡለት ፈልጎ ነበር። መልእክተኛው ያየውን ነገር የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ማላላስ መዝግቦታል። ንጉሡ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ከፍ ባለ ሠረገላ ላይ ቆመው ነበር፤ ሠረገላው በወርቅ የተለበጠ ነው፤ በአንገታቸው የወርቅ ድሪ፣ በእጃቸው በወርቅ ያጌጠ ጋሻና ጦር፣ በራሳቸው ላይ በወርቅ የተጠለፈ ጥምጥም ነበረ። ከዚህ በላይ ክብር ከየት ይመጣል?

ታዲያ ብዙም ሳይቈይ ነገሩ ከእጅ እያመለጠ ሄደ። በሒምያር የቀሩት ወታደሮች ዐመፁና ንጉሥ ሱምያፋን አስረው አብርሃ የተባለውን ሰው በቦታው ሾሙት። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው ይህ አብርሃ ቀድሞ በአዱሊስ የአንድ ሮማዊ ነጋዴ ባሪያ ነበር። ዐፄ ካሌብ በአንድ ዘመዳቸው መሪነት 3,000 ሰው ላኩ። ወታደሮቹ ግን አገሩን ወደዱትና አለቃቸውን ገድለው ወደ አብርሃ ገቡ። ሁለተኛ ጦር ተላከ፤ እርሱም ተመታና ተመለሰ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በድንጋይ ላይ የሒምያር ንጉሥ ተብሎ የተጻፈው ስም በድንጋዩ ላይ እንዳለ ነው፤ ሒምያር ግን ሄደች። ሹመት እንዲህ ናት፤ ከሰጪዋ ይልቅ የምትታመን ነገር አይደለችም።

በአገራችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚል ተረት አለ። ብዙዎቻችን ይህን ተረት እንደ ቀልድ እየተናገርን እንደ ቁም ነገር እንኖርበታለን። ዐፄ ካሌብ ግን ሳይሻሩ ራሳቸው ተነሡ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚያስተምረን፣ መንግሥታቸውን ለልጃቸው ትተው፣ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በጌታ መቃብር ፊት እንዲሰቀል አደረጉ። እርሳቸውም አስቀድመው ጸሎት ወደ ለመኑባት ወደዚያች ደጃፍ፣ ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ሄደው መነኰሱ። ወደ በዓታቸው ይዘው የገቡትም የሚተኙበት ምንጣፍና የሚጠጡበት ጽዋ ብቻ እንደ ነበር ይተረካል። አራት ዝሆን ይስብላቸው የነበሩት ሰው በእግራቸው ኰረብታ ወጡ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ከገዳሙ ሳይወጡ በዚያው አረፉ። በስንክሳር ግንቦት 20 ቀን ይታሰባሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር ማጥራት አለብን። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ ንጉሡ ዘውዱን ከፍለው መንግሥተ ሰማያትን ገዙ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ እንደዚያ አይመስለንም። እንደዚያ ከሆነማ ያው ንግድ ሆነ እኮ! ደመወዝ የሠራ ሰው የሚቀበለው ነው፤ ጸጋ ግን ያልሠሩበት ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ በምንም አይገዛም፤ በወርቅም፣ በድልም፣ በምንኵስናም ቢሆን። ንጉሡ ዘውዱን የላኩት ወደ አንድ ባዶ መቃብር ነው። በክርስትና እምነት በዚያ መቃብር የተደረገው ነገር ለሰው ሁሉ በነፃ የተሰጠ ስለሆነ፣ ካሌብ ዘውዳቸውን ዋጋ አድርገው ሳይሆን ምስጋና አድርገው እንደ ላኩት እንረዳለን። ቀድሞውንም የእኔ አልነበረም ብሎ ለባለቤቱ እንደ መመለስ ያለ ነው። ንጉሡ ሥራቸውን አልናቁም፤ ነግሠዋል፣ ፈርደዋል፣ ዘምተዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል። ነገር ግን ማን ነህ ተብለው ቢጠየቁ መልሱን ከሠሩት ሥራ ላይ አላነሡትም።

ለእኛ ለዕድርተኞች ደግሞ ከሁሉ የሚገርመን የመቃብሩ ነገር ነው። ከአክሱም ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለ ኰረብታ ላይ የዐፄ ካሌብና የልጃቸው የዐፄ ገብረ መስቀል መቃብር የሚባል ጥንድ ሕንፃ አለ። ትልልቅ ጥርብ ድንጋዮች እርስ በርሳቸው ተጋጥመው የተሠሩበት፣ በደረጃ ወደ ውስጥ የሚወረድበት፣ ለንጉሥ የተገባ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ያገሬው ትውፊት እንደሚለው ዐፄ ካሌብ የተቀበሩት እዚያ አይደለም፤ ከመነኰሳቱ ጋር በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ የተጠረበለት ቤት ሳይኖሩበት ቀረ። እኛ ቀብር ለማሳመር ስንት እንደምንደክም እናውቃለን፤ ለሐውልት ተብሎ የተበደረም ሰው አይተናል። እርሳቸው ግን ያማረውን መቃብር ትተው ከወንድሞቻቸው ጋር መቀበርን መረጡ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ በበቃን ነበር። ግን አላበቃም። የሮም ቤተ ክርስቲያንም ካሌብን በ16ኛው መቶ ዓመት ኤሌስባን በሚል ስም በቅዱሳን መዝገቧ አስገብታቸዋለች። ይህ ስም በፖርቹጋሎች በኩል ባሕር ተሻግሮ ብራዚል ደረሰ። ያን ጊዜ በብራዚል ከአፍሪቃ በግድ የተወሰዱ እጅግ ብዙ ባሪያዎች ነበሩ። ባሪያ ሲሞት የሚያስበው ስለሌለ ሬሳው እንደ ነገሩ ይጣል ነበር። እነዚህ ሰዎች ታዲያ ምን አደረጉ? ማኅበር አቋቋሙ። በ1740 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ፣ ባሪያ የሆኑና ነፃ የወጡ አፍሪቃውያን በቅዱስ ኤሌስባንና በቅድስት ኤፊጌንያ ስም አንድ ማኅበር መሠረቱ። መዋጮ ያዋጣሉ፤ ሹማምንት ይመርጣሉ፤ አባል ሲታመም ይጠይቃሉ፤ ሲሞት በክብር ይቀብሩታል፤ ጸሎትም ያስደርጉለታል። እንግዲህ ይህ ዕድር አይደለም ትላላችሁ?

እስቲ ይህን አስቡት። ወርቅ ለብሶ በዝሆን ሠረገላ የታየው ንጉሥ ጠባቂ ቅዱስ ይሁነን ብለው የመረጡት፣ ለራሳቸው ገላ እንኳ ጌታ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። በብራዚል አብያተ ክርስቲያናት ያለው የኤሌስባን ሥዕልና ሐውልትም የመነኩሴ ልብስ ለብሶ የሚታይ ጥቍር ሰው ነው። የአዱሊሱ ዙፋን ባለቤት ስሙን በድንጋይ አስጽፎ ስሙ ጠፋ። ዐፄ ካሌብ ግን ዘውዳቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው በላኩ ከ1,200 ዓመት በኋላ፣ ስማቸው በማያውቁት አገር የድኾች መቀበሪያ ማኅበር ስም ሆነ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በወዲያኛው ዓለም የሚነበበው ስንት ገጽ ነው? ይህን ፈጣሪ ያውቃል። እኛ የምናውቀው የዕድራችን ጡሩምባ ለሹምም ለዘበኛም አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳለው ነው። ትምህርት፣ ሹመት፣ ሀብት፣ ሁሉም መልካም ነው፤ ልጆቻችንም እንዲደርሱበት እንመኛለን። ነገር ግን ሰው የሚከበረው በዚያ ብቻ ከሆነ፣ ከድንኳናችን ወንበር ግማሹን ማጠፍ ሊኖርብን ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከእንግዲህ በዕድራችን ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ለሁሉም አባል እኩል አንድ ገጽ ይሁን። ከሹመቱ በፊት ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደ ኖረ፣ ማንን እንዳጽናና፣ ፈጣሪውን እንዴት እንዳሰበ ይጻፍበት። ጸሐፊያችንም ከቤተ ሰቡ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ጠይቆ ይጻፍ።

እነዚያ በጥበቃ የኖሩት አባታችን በስድስቱ መስመር ውስጥ ያልተጻፈላቸውን እዚህ ጽፈን እናብቃ። ለሃያ ዓመት ያህል በማንም ለቅሶ ቤት ሌሊቱን ድንኳኑን ሲጠብቁ የነበሩ እርሳቸው ናቸው። ቃሬዛ ሲነሣ ትከሻቸውን ሳይሰጡ የቀሩበትን ቀን አናስታውስም። የክፍያ ደረሰኝ ሲሰጣቸው በእጃቸው ተቀብለው፣ ዛሬም በቸርነቱ ቆሜ ከፈልሁ እያሉ ግንባራቸውን ያስነኩት ነበር። ቸርነቱ የሚለውን ቃል ያኔ ልብ አላልነውም። አሁን ግን የዐፄ ካሌብን ታሪክ ስናነብ የእኒህ አባት ነገር ገባን።

ፈጣሪ የሞቱብንን ነፍስ በገነት ያኑርልን፤ እኛንም በፍቅር ለመቀባበር ያብቃን። ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።